የእማሆይ አስካለ ማርያም ቤት ወደ ተራው ይመለስ

ቀን፦ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአስታ ሜዳ ከተማ የመንግሥት ቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አስታ ሜዳ

አመልካች፦ መሪጌታ ይሥሐቅ ገሠሠ፣ የአብነት ትምህርት ቤት መምህር

ጉዳዩ፦ በእማሆይ አስካለ ማርያም ስም የነበረው የቀበሌ ቤት ለአቶ ምንይሉ ገብረየሱስ የተላለፈበት ውል ተሽሮ ቤቱ ለተራ ጠባቂዎች እንዲመለስ፣ እንዲሁም እኔ በእህት ልጅነት አቅርቤው የነበረውን ጥያቄ ስለማንሣት

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

በተቀመጡበት ወንበር ቅን ፍርድ እንዲጸናልዎ እየተመኘሁ፣ ከዚህ በታች የምገልጸውን በትዕግሥት እንዲመለከቱልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ዜማና ቅኔ በማስተማር ስለሆነ ለቢሮ የሚጻፍ ቃል አልለመድኩም። ከሥርዓቱ ብወጣ ይታረምልኝ፤ ከእውነቱ ብወጣ ግን ልቀጣበት።

፩. እኔና ባለቤቴ ወይዘሮ ጌታነሽ የምንኖረው ከግለሰብ በተከራየነው አንድ የጓሮ ክፍል ነው። አከራያችን በጥር ልጁን ሊድር ስለሆነ ክፍሉን ለሙሽሮቹ እንድንለቅለት ነግሮናል። አልከስሰውም፤ ቤቱም የራሱ፣ ልጁም የራሱ ነው። ክፍሉን ፀሐይ የሚያየው ወደ ማታ ብቻ ነው። የመንዝ ውርጭ ደግሞ አንድ ጊዜ የገባበትን ግድግዳ እስከ እኩለ ቀን አይለቅም። ባለቤቴ ደረቷን ታማለች፤ ሐኪም እርጥበት ካለበት ቤት ትውጣ ካለ ቆይቷል። ከደብሩ የማገኘው ድርጎና የተማሪ ወላጆች የሚያመጡልኝ ገብስ ለጉሮሮ እንጂ ለግለሰብ ቤት ኪራይ አይበቃም። ስለዚህ በዝቅተኛ ገቢ ነዋሪነት ተመዝግቤ የቀበሌ ቤት ተራዬን እየጠበቅሁ ነው። የቀበሌው አጣሪ ኮሚቴ አኗኗራችንን ሊያይ በመጣ ጊዜ ከአባላቱ አንዱ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እኛ ከገባን መሪጌታ መውጣታቸው ነው፤ ክፍሉ አይበቃንም» ብሎ ሳይገባ ፈርሞልኛል።

፪. በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ የተለጠፈውን የቀበሌ ቤት ኪራይ ደንብ ቆሜ አንብቤዋለሁ። እንደተረዳሁት የቀበሌ ቤት ርስት አይደለም። ተከራዩ እንደ አቅሙ በተተመነለት ኪራይ ይኖርበታል እንጂ አይሸጠውም፤ መልሶ አያከራየውም፤ ለወደደው አያወርሰውም። ውሉንም በየጊዜው እየቀረበ ያድሳል። ተከራዩ ሲሞት አብረውት ሲኖሩ የተመዘገቡ የትዳር ጓደኛ ወይም ልጆች ካሉ ይቀጥሉበታል። ከሌሉ ቁልፉ ለጽሕፈት ቤቱ ተመልሶ፣ ቤት ከሌላቸው ችግረኞች መካከል ተራው ለደረሰው ይሰጣል።

ይህ ደንብ ለእኛ ለመንዞች እንግዳ አይደለም። የቤት ክዳን ሣር የምናጭድበት የጋራ መሬታችን ጓሳ ሲዘጋ ለሁሉም ይዘጋል። ጣሪያው የሚያፈስ ሰው እንኳ ማጭዱን ሰቅሎ ቀኑን ይጠብቃል፤ ሲከፈት ሁሉም እኩል ይገባል። ቀድሞ የገባ ሌባ ይባላል እንጂ ብልህ አይባልም። የእኔም ክስ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ሳይከፈት ገብቶ ያጨደ ሰው አለ።

፫. ቤቱ ከደብራችን ደጀ ሰላም ቀጥሎ ያለው ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው። ክቡርነትዎ ለከተማችን አዲስ ስለሆኑ ምናልባት አላዩት ይሆናል። ፀሐይ እንደወጣች በሩን ታገኘዋለች። የሌላው ሰው ደጅ ገና በውርጭ ነጭ ሆኖ ሳለ የዚያ ቤት መድረክ ይደርቃል። የውኃው ቧንቧ ከአጥሩ ሥር ነው። ግድግዳው በየዓመቱ ሲለቀለቅ የኖረ ስለሆነ ነፋስ አያስገባም። ባለቤቴ ከገበያ ስንመለስ በዚያ በር ፊት ስናልፍ እርምጃዋን ታዘገያለች። እኔም አብሬያት አዘገያለሁ።

፬. በዚህ ቤት ውል ገብተው የኖሩት እማሆይ አስካለ ማርያም የእናቴ ታናሽ እህት ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። ባላቸው ከሞቱ በኋላ መንኩሰው፣ የበግ ጠጉር እየፈተሉ በመሸጥ ይተዳደሩ ነበር። ጉልበታቸው ሲደክም አስጠርተውኝ፣ «ይሥሐቅ፣ ከነሚስትህ ናና ከእኔ ጋር ተመዝገብ። እኔ ሳልፍ ቤቱ ለማን ይቀራል?» አሉኝ። እኔም፣ «እማሆይ፣ የሞትዎን ቀን የሚጠብቅ ሰው አያድርጉኝ» ብዬ እምቢ አልኩ። በሽተኛ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ በዓይኑ ግድግዳ የሚለካ ሰው አይቻለሁ። ነውር ነው ብዬም ለተማሪ ያስተማርኩት ነገር ነው። እማሆይ ተቆጥተው፣ «በል እንግዲያ ኩራትህን ተከናንበህ እደር፤ እሱ እንደሆነ አይበርድም» አሉኝ። ዛሬ ተነሥተው ቢጠሩኝ መልሴ ያው ነው።

፭. እኔ እምቢ ባልኩት በር አቶ ምንይሉ ገብረየሱስ ገባበት። ምንይሉ ከራቤል መጥቶ ከእኔ ጋር በአንድ መምህር ሥር የተማረ ጓደኛዬ ነው። ድምፁ ከእኔ ድምፅ ያማረ እንደነበር አልክድም። እኔ አድሬ ያጠናሁትን በበዓል ቀን እሱ እንዲያዜመው መምህራችን ያዝዙ ነበር፤ ሕዝቡም እሱን ይመርቅ ነበር። ሆኖም ትምህርቱን ሳይፈጽም ጥሎ ወጣና ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የሚሸምን ሸማኔ ሆነ።

እማሆይ የፈተሉትን ጠጉር ሊገዛ ይመላለስ ነበር። ከዚያ እንጨት ፈለጠላቸው። ከዚያ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ደፈነላቸው። ከዚያ መሸመኛውን አምጥቶ በውስጠኛው ክፍል ተከለ። በመጨረሻም እማሆይ ሽማግሌዎች አስቀምጠው፣ አውራ ጣታቸውን በማር ነክረው አስላሱትና «የጡት ልጄ ነው» ብለው አስመዘገቡት። ሽበት ያወጣ ሰው ነው የጡት ልጅ የሆነው። ከዘመድ ወገን የተጠራ አልነበረም። እኔ የሰማሁት እንደማንኛውም ሰው በደጀ ሰላም ወሬ ነው።

፮. ባለፈው ነሐሴ እማሆይ ሊያርፉ ሲሉ ሁለታችንም ከአልጋቸው አጠገብ ነበርን። ዓይናቸውን ገልጠው «ልጄ» ሲሉ ሁለታችንም «አቤት» አልን። እጃቸውን የዘረጉት ወደ እሱ ነበር።

ይህ ለጽሕፈት ቤት የሚጻፍ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። የጻፍኩት «መሪጌታን ቅናት ይዟቸዋል» የሚሉ ሰዎች ወደ ክቡርነትዎ ሳይመጡ ስለማይቀሩና ከእነሱ ይልቅ ከእኔው ቢሰሙት ስለሚሻል ነው። አዎን፣ ይዞኛል። ጠዋት ኪዳን አድርሼ ስወጣ በዚያ መድረክ ፀሐይ እየሞቀ ጠጉር ሲያባዝት አየዋለሁ። እየሸመነ ያንኑ ያልፈጸመውን ዜማ ያንጎራጉራል፤ ዛሬም ያምርበታል። ተማሪዎቼ በዚያ ሲያልፉ ቆመው ሲያዳምጡት ደርሼባቸዋለሁ። አንድ ቀን በደጀ ሰላሙ በር አግኝቼው የሕዝብ ቤት በማር አይገዛም ብዬ ብገሥጸው፣ «መሪጌታ፣ አንተ ለእማሆይ ቅኔ ተቀኘህላቸው፣ እኔ ጣራቸውን ደፈንኩላቸው። ዝናቡን ያቆመው የቱ ነው?» ብሎኝ ሄደ። ከመንገዱም መለስ ብሎ፣ «ባና ካማረህ ግን ለአንተ እቀንስልሃለሁ» አለኝ። የቆሙት ሰዎች ሳቁ።

የባልንጀራን ቤት መመኘት ኃጢአት መሆኑን የማስተምር ሰው ነኝ። ነገር ግን ይህ ቤት የባልንጀራዬ ነው ወይስ የሕዝብ? የሕዝብ ከሆነ እኔ ተራ ጠባቂ ነኝ እንጂ ተመኚ አይደለሁም። ለክቡርነትዎ ያቀረብኩትም ይህንኑ እንዲለዩልኝ ነው።

፯. በሕይወታቸው መጠበቅ ነውር ቢሆንም ከሞቱ በኋላ መጠየቅ ነውር አይደለም ብዬ፣ በመስከረም ወር ቤቱ በእህት ልጅነቴ እንዲተላለፍልኝ ማመልከቻ አስገብቼ ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ወይዘሪት ቤተል በትሕትና ተቀብለውኝ፣ «አባባ፣ የእህት ልጅ በደንቡ ውስጥ የለም፤ ያውም አብረው አልኖሩም። የጡት ልጅ ግን ልጅ ነው፤ አብሮ ኖሯል፤ ምስክርም አለው። ውሉ ዞሮለታል» አሉኝ። «ያን ሽበታም?» ብላቸው፣ «ደንቡ ስለ ሽበት የሚለው ነገር የለም» ብለው ሳቃቸውን ዋጡ። ሥራቸውን እንደሠሩ ይገባኛል፤ በእሳቸው ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ማርና ምስክር ብቻ ለልጅነት በቂ ሆነው መቆጠራቸው ላይ ነው። በፍርድ ቤት የጸደቀ የጉዲፈቻ ውል ቀርቦ እንደሆነ ጠይቄ፣ አለመቅረቡን ነግረውኛል።

ይህ መንገድ ከተከፈተ ነገ በየሽማግሌውና በየመነኩሲቷ ቤት ማር ይዞ የሚገባው ይበዛል። ያረጀ ተከራይ ሁሉ በድንገት ልጅ ይበዛለታል። የቀበሌ ቤት ባዶ ሆኖ የሚገኝበት ቀን አይኖርም፤ በመዝገብ ላይ ያሉ ችግረኞችም ስማቸው እዚያው ያረጃል።

፰. ከዚህ ቀጥሎ የምገልጸው በእኔ ላይ የሚመሰክር ነው፤ ቢሆንም መቅረት የለበትም። ለአጣሪ ኮሚቴው በቃል ቀርቤ፣ ምንይሉ በራቤል የአባቱን ቤት ይዟል፤ ቤት ያለው ሰው የቀበሌ ቤት አይገባውም ብዬ ተናግሬ ነበር። በዓይኔ ያላየሁትን መናገሬ ስላላስቻለኝ በመኪና ተሳፍሬ፣ ጓሳን አቋርጬ ራቤል ሄድኩ። የደረጀ ቤት አገኛለሁ ብዬ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ እንዳገኝም ጸልዬ ነበር። ያገኘሁት ጣሪያው ወድቆ የቆመ የድንጋይ ግድግዳ ነው። ውስጡ በጎች ነበሩበት። የበጎቹ ባለቤት ወይዘሮ ጠጄ የመጣሁበትን ጉዳይ ሰምተው፣ «የኔታ፣ ይህን ብለው ነው ከዚያ ድረስ የደከሙት? ዝናብ ሲመጣ በጎቼ እንኳ ጥለውት ወደ እኔ ይሸሻሉ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ እንዳልከፋም እርጎ አጠጡኝ።

ስለዚህ ምንይሉ ቤት አለው ያልኩት ቃል ልክ ሆኖ አልተገኘም። እሱም እንደ እኔ ቤት የለውም። ከመንገዱ ይልቅ ይህን መጻፍ አድክሞኛል።

፱. የቀረኝ ክርክር አንድ ሲሆን እሱም ጽኑ ነው። መነኩሴ ከዓለም የሞተ ነው። ቆብ ሲጫንለት በቁሙ እንደ ሬሳ ተገንዞ ጸሎተ ፍትሐት ይደርስለታል። እማሆይ በመነኮሱ ዕለት ያንን ጸሎት ካዜሙት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ መግነዙ ሲሸፍናቸው አይቻለሁ። ማር ያስላሱት ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ ነው። የሞተ አይወልድም፤ የጡት ልጅም አያደርግም። ስለዚህ ምንይሉ ልጅ አይደለም።

ይህን አንቀጽ እንደጨረስኩ ወደ ክቡርነትዎ ይዤ ለመምጣት ተነሥቼ ነበር። ነገር ግን በቅኔ ቤታችን ተማሪ ያቀረበውን ክርክር በራሱ ላይ ገልብጠን ሳንፈትነው አንቀበለውም። እኔም የራሴን ገለበጥኩት። እማሆይ ያን ዕለት ከሞቱ የእናቴ እህትነታቸውም ያን ዕለት ሞቷል። ምንይሉ የጡት ልጅ ካልሆነ እኔም የእህት ልጅ አይደለሁም። በገዛ አፌ ፍትሐት አዚሜ ሳበቃ፣ ለእሱ ሲሆን ሞተዋል፣ ለእኔ ሲሆን ሕያው ናቸው ልል አልችልም። ቁና ሁለት ዓይነት ያለው ነጋዴ ተማሪዎቼ እንኳ ያውቁታል።

፲. ለባለቤቴ ይህንኑ ነገርኳት። ድንች ትልጥ ነበር። «መሪጌታ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለች፤ «የፈለጉት ቤቱን ነው ወይስ ምንይሉ እንዳይኖርበት?»

«ሁለቱንም» አልኳት።

«እንግዲያው አንዱን ይምረጡ። ቢሮ በአንድ ወረቀት ሁለት ጉዳይ አይቀበልም» አለችኝ።

ሁለቱንም ትቼ ሦስተኛውን መርጫለሁ፤ እሱም ደንቡ ነው። ቤቱ ወደ ተራው ቢመለስ ለእኔ እንደማይደርስ አውቄ ነው የምጽፈው። ከእኔ በፊት የተመዘገበች ወይዘሮ ወሰኔ የምትባል ባሏ የሞተባት የልጆች እናት አለች፤ ከገበያው አጥር ሥር ሸራ ወጥራ ነው የምትኖረው። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት መላጧን አላቆመችም። «ወሰኔ ልጆች አሏት» አለች። ጥር ሲመጣ የት እንደምናድር ግን ሁለታችንም አናውቅም።

፲፩. ስለ ምንይሉ ጧሪነት የሚመሰክር ከጠፋ እኔ እመሰክራለሁ። በመጨረሻው ክረምት እማሆይን በጀርባው አዝሎ፣ በጭቃው ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ሲያደርሳቸው አይቻለሁ፤ እኔ አላዘልኳቸውም። ያደረገው ምጽዋት ነው፤ ዋጋውን ከሰማይ ይቀበል። የሕዝብ ቤት ግን የአንድ ሰው ምጽዋት ዋጋ ሆኖ ሊከፈል አይገባም፤ ሕዝቡ አልተጠየቀምና።

ስለሆነም ክቡርነትዎ የሚከተለውን እንዲወስኑልኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

ሀ) በአቶ ምንይሉ ገብረየሱስ ስም የዞረው የኪራይ ውል ተሽሮ፣ ቁልፉ ለጽሕፈት ቤቱ ተመልሶ፣ ቤቱ በመዝገቡ ቅደም ተከተል ተራው ለደረሰው ችግረኛ እንዲሰጥ፤

ለ) በመስከረም በእህት ልጅነት ያስገባሁት ማመልከቻ እንዲሰረዝልኝ፤ ስለ ራቤሉ ቤት ለኮሚቴው የተናገርኩትም ስሕተት መሆኑ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍርልኝ፤

ሐ) ከወይዘሮ ወሰኔ ቀጥሎ ተራው የእኔ መሆኑ ተረጋግጦ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ፣ የባለቤቴም ሕመም ግምት ውስጥ ገብቶ ከዚህ በኋላ የሚለቀቅ ማንኛውም ቤት፣ ጠባብም ቢሆን አሮጌም ቢሆን፣ ከጥር በፊት ከተገኘ እንዲሰጠን፤ ፀሐይ የሚያየው ይሁን ብዬ አልመርጥም፤

መ) አቶ ምንይሉም ቤት የሌለው ሰው ስለሆነ ከነመሸመኛው በአንድ ቀን ተገፍቶ እንዳይወጣና ማረፊያ እስኪፈልግ በቂ ጊዜ እንዲሰጠው፣ ስሙም በተራ ጠባቂዎች መዝገብ እንዲገባለት። ይህን የምጠይቀው ወድጄ አይደለም፤ ራቤል ሄጄ ያየሁትን ስላየሁ ነው። ሆኖም ስሙ የሚጻፈው ከእኔ ስም በኋላ ነው። ድምፁ ቢያምርም፣ ምስክር ቢያቆምም፣ ሰው ሁሉ ቢወደውም፣ በዚህ አንድ መዝገብ ከእኔ በፊት እንዳይገባ ጽሕፈት ቤቱ ብርቱ ጥንቃቄ እንዲያደርግልኝ አጥብቄ እለምናለሁ።

ፍርድዎን በትዕግሥት ከሚጠብቅ አመልካች አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
መሪጌታ ይሥሐቅ ገሠሠ

ግልባጭ፦
ለቀበሌው የቤት አጣሪ ኮሚቴ
ለአቶ ምንይሉ ገብረየሱስ፤ ከጀርባው ከሰሰኝ እንዳይል እኔው ራሴ በእጁ የምሰጠው